የኤስፐራንቶን ግስ ወደ ላቲን ሥሩ መከተል

ዛመንሆፍ የተባለ ሐኪም ፈጥሮ እ.ኤ.አ. በ1887 በዋርሶ ያሳተመው ኤስፐራንቶ ሰው ሠራሽ ቋንቋ ቢሆንም፣ የቃላቱ ሥሮች በአብዛኛው የተወሰዱት ከላቲን ከወጡት የሮማንስ ቋንቋዎች ነው። የአንድን ግስ አመጣጥ የሚመረምር ሰው ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ መያዝ አለበት፤ አንደኛው ሥሩ መጀመሪያ ከየት ፈለቀ የሚል ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሁለተኛው ደግሞ ኤስፐራንቶ በቀጥታ የተዋሰው ከማን ነው የሚል ነው።

«መክፈት» የሚል ፍቺ ያለውን «ማልፌርሚ»ን እንውሰድ። መጀመሪያ ቅጥያዎቹ ይገፈፋሉ። መጨረሻው ላይ ያለው «ኢ» የንዑስ አንቀጽ ምልክት ነው፤ «ማል» ደግሞ ፍቺውን ወደ ተቃራኒው የሚገለብጥ ቅድመ ቅጥያ ነው። የሚቀረው «ፌርም» ሲሆን፣ «ፌርሚ» ማለት «መዝጋት» ነው። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው የሌለ ቃል በላቲን መዝገበ ቃላት ውስጥ ሲያስስ ይውላል።

ቀጥሎ በድምፅ የሚመሳሰሉ የሮማንስ ግሶችን ሰብስቦ ፍቺያቸውን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የፈረንሳይኛው «ፌርሜ» መዝጋት፣ የጣሊያንኛው «ፌርማሬ» ማቆም፣ የስፓኒሹ «ፊርማር» ደግሞ መፈረም ነው። ሦስቱም «ማጽናት» ከሚለው የላቲን «ፊርማሬ» የወረዱ ናቸው፤ በር በመወርወሪያ ሲዘጋ ይጸናል፣ ሰረገላ ሲቆም ባለበት ይጸናል፣ ውልም ሲፈረም ይጸናል። (ከጣሊያንኛ ወደ እኛ የገቡት «ፌርማታ» እና «ፊርማ» በዚሁ መንገድ እኅትማማች ናቸው።) በድምፅ ብቻ ቢሆን ሦስቱም ይጠረጠሩ ነበር፤ ከመካከላቸው መዝጋትን የያዘው ግን ፈረንሳይኛ ብቻ ስለሆነ፣ በቀጥታ ያበደረው እሱ ነው ለማለት ያስደፍራል። በእኔ ግምት ከድምፅ ይልቅ የታመነ ምስክር ፍቺ ነው።

ድምፅ እንደሚያሳስት «ሻንጂ»፣ ማለትም «መለወጥ»፣ ያሳያል። በ«ሽ» መጀመሩ ወደ ፈረንሳይኛው «ሻንዤ» ይመራል፤ የጣሊያንኛው «ካምቢያሬ» ይርቃልና። ይሁን እንጂ ኤስፐራንቶ «ዥ» የሚባል ድምፅ እያለው እዚህ «ጅ» ማለቱ ግራ ያጋባል። የ«ጅ» ፊደል (ĝ) ፈረንሳዮች ይህንኑ ቃል በሚጽፉበት ፊደል (g) ላይ ቆብ የደፋ መሆኑን ያየ ሰው ግን፣ ሥሩ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በዓይንም እንደተወሰደ ይገባዋል፤ ስለዚህ አጻጻፉን ከአነባበቡ ጋር ማመሳከር ይገባል።

በሮማንስ ቋንቋዎች ዘመድ የታጣለትን ግስ በግድ ላቲን ማድረግ አይገባም። ነገርን መውደድን የሚገልጸው «ሻቲ»፣ ለምሳሌ፣ «ከፍ አድርጎ መገመት» ከሚለው የጀርመንኛ «ሼትሰን» የመጣ ነው።