ለሳሎንዎ የሚስማማው ቴሌቪዥን፦ አሜሪካ ለገቡ አዲስ ነዋሪዎች የስክሪን አመራረጥ መመሪያ

አሜሪካ ገብተው ቤት የተከራዩ ወገኖች ከአልጋና ከማዕድ ቤት ዕቃ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚገዙት ቴሌቪዥን ነው። በትልልቆቹ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች ግድግዳ ላይ የተደረደሩት ቴሌቪዥኖች ሁሉም ደምቀው ይታያሉ፤ መጠናቸው እኩል ሆኖ አንዱ ከሌላው ሦስትና አራት እጥፍ ለምን እንደሚወደድ ግን ከዋጋ መለጠፊያው ማወቅ አይቻልም። ልዩነቱን በዋናነት የሚፈጥረው የስክሪኑ አሠራር ነው፤ የትኛው አሠራር እንደሚበጅ የሚወስነው ደግሞ ቴሌቪዥኑ የሚቀመጥበት ክፍልና ቤተሰቡ የሚያየው ነገር ነው። ስለዚህ ወደ መደብር ከመሄድዎ በፊት ሳሎንዎን ቀንም ማታም ይመልከቱት፤ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ ሶፋው ከግድግዳው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ እንግዳ ሲበዛ ሰው የት የት እንደሚቀመጥ ያስተውሉ።

የቴሌቪዥን ኢንች የሚለካው ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ነው። ባለ 55 ኢንች ወደ ጎን 122 ሴንቲሜትር ያህል፣ ባለ 65 ኢንች ደግሞ 144 ሴንቲሜትር ያህል ይሰፋል። ለ4ኬ (ነጥቦቹ ብዙና ጥቃቅን ለሆኑበት ባለ ከፍተኛ ጥራት) ስክሪን ከመቀመጫው እስከ ቴሌቪዥኑ ያለው ርቀት የሰያፉን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ቢሆን ለዓይን ይመቻል፤ በዚህ ስሌት ሶፋው 2 ሜትር ገደማ ከራቀ 55፣ 2 ሜትር ተኩል ከራቀ 65 ኢንች ይስማማል። የብዙዎቹ ቴሌቪዥኖች እግሮች በሁለቱ ዳር ስለሆኑ የሚያስቀምጡበትን ጠረጴዛ ስፋትም አስቀድመው ይለኩ።

የስክሪን ዓይነቶች ስማቸው ቢበዛም በመሠረቱ ሁለት ናቸው፤ ብርሃን ከጀርባቸው የሚያገኙና ራሳቸው የሚያበሩ። የመጀመሪያው ኤልሲዲ ነው። በዚህ አሠራር ከስክሪኑ ጀርባ ወይም ከጠርዙ የተተከሉ መብራቶች ያበራሉ፤ ከፊታቸው ያለው የፈሳሽ ክሪስታል ንጣፍ ደግሞ ብርሃኑን በየነጥቡ ያሳልፋል ወይም ይከለክላል። «ኤልኢዲ» ተብሎ የሚሸጠውም ቴሌቪዥን የጀርባ መብራቱ ኤልኢዲ የሆነ ኤልሲዲ ነው። ክሪስታሉ ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ ማገድ ስለማይችል፣ ማታ መብራት አጥፍተው ሲያዩ ጥቁር መሆን የነበረበት ሰማይ ወደ ግራጫ ያደላል። ይህን ጉድለት ለማረም የተሻሉት ሞዴሎች የጀርባውን መብራት በዞን ከፋፍለው ጨለማ በሆነው የምስሉ ክፍል ብርሃኑን ይቀንሳሉ። ሚኒ ኤልኢዲ የሚባለው መብራቶቹን እጅግ አሳንሶና አብዝቶ፣ ዞኖቹንም በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጥር ነው። ኪውሌድ ደግሞ ኳንተም ዶት የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ያሉበት ንጣፍ የተጨመረበት ኤልሲዲ ነው፤ ቀለሙ ይደምቃል፣ ይጠራልም፤ ዞን ከሌለው ግን ጥቁሩ እንደ ተራው ኤልኢዲ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። በኪውሌድ ስም ብቻ ብዙ ገንዘብ መጨመር ተገቢ አይመስለኝም፤ ሻጩን መጠየቅ ያለብዎት ስንት ዞን እንዳለው ነው።

ሁለተኛው ኦሌድ ነው። በኦሌድ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ብርሃን ያመነጫል፤ ጥቁር ሲያስፈልግ ነጥቡ ፈጽሞ ይጠፋል። በጨለማ ክፍል ፊልም ለማየት ከዚህ የሚበልጥ አላየሁም። ከጎን ተቀምጦ ለሚያይ ሰውም ምስሉ እምብዛም አይለወጥም፤ ይህ በእኛ ቤት ትልቅ ጥቅም ነው፤ በፋሲካና በእንቁጣጣሽ እንግዳው ከሶፋው አልፎ ግራና ቀኝ ሲደረደር፣ ቡናውም ከአንዱ ጥግ ሲፈላ፣ ከብዙ ኤልሲዲ ስክሪኖች ጎን የተቀመጠው ሰው የፈዘዘ ምስል ያያል። ከኤልሲዲዎች መካከል አይፒኤስ የተባለው ስክሪን ከጎን ሲታይ የተሻለ ነው፤ ቪኤ የተባለው ደግሞ ጥቁሩ ይበልጣል፣ ከጎን ግን ይደበዝዛል። አምራቾች ይህን በካርቶኑ ላይ ብዙም ስለማይጽፉ፣ መደብር ውስጥ ሳሉ ከቴሌቪዥኑ ፊት ወደ ጎን እየሄዱ ቀለሙ የት ላይ መፍዘዝ እንደሚጀምር በዓይንዎ ማረጋገጥ ይበጃል።

ኦሌድ ግን ለሁሉም ቤት አይሆንም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚገባበት ሳሎን ጥሩ ሚኒ ኤልኢዲ በብርሃን ጥንካሬው በአጠቃላይ ይበልጠዋል። ከዚህም የሚከብደው፣ አንድ ቦታ የማይነቃነቅ ምስል ለረጅም ጊዜ ከቆየበት በስክሪኑ ላይ ቋሚ ጥላ ሊተው የሚችል መሆኑ ነው። በብዙ ቤቶች ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ ጣቢያ ላይ ይከፈታል፤ በተለይ ቀን ቀን ቤት የሚውሉ እናትና አባት ካሉ የጣቢያው አርማና ከስር ያለው የዜና መስመር ለሰዓታት ከቦታቸው ሳይንቀሳቀሱ ይውላሉ። አዳዲሶቹ ኦሌዶች ይህን የሚከላከሉበት ዘዴ ቢኖራቸውም፣ ቴሌቪዥናችሁ እንዲህ የሚውል ከሆነ ባለ ዞን ኤልሲዲ ወይም ሚኒ ኤልኢዲ መግዛት ያለ ሐሳብ ያኖራችኋል።

ስለ ጥራት መጠን ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። 4ኬ ማለት 3840 በ2160 ነጥብ ሲሆን ከ1080 ጥራት በአራት እጥፍ ይበልጣል፤ ዛሬ በ55 ኢንችና ከዚያ በላይ የሚሸጡት ከሞላ ጎደል ሁሉም 4ኬ ናቸው። ከ4ኬም የበለጠ ነጥብ ያለው 8ኬ ግን የሚታይበት ነገር እምብዛም ስለሌለ ገንዘብዎን አያውጡበት። አገር ቤት በዲሽና በሪሲቨር ይታዩ የነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች እዚህ በአብዛኛው የሚታዩት በዩቲዩብ ነው፤ ብዙዎቹ የተጫኑት በ720 ወይም በ1080 ጥራት ስለሆነ፣ ቴሌቪዥኑ ያንን ወደ 4ኬ ሲያሳድግ የሰው ፊት እንዳይደበዝዝ የሚያደርገው የውስጥ ፕሮሰሰሩ ነው። ርካሽና ውድ ቴሌቪዥኖች በግልጽ የሚለያዩበት አንዱ ቦታ ይህ ነው። ከቻሉ ሻጩን በዩቲዩብ አንድ የአማርኛ ድራማ ወይም ዜና እንዲከፍትልዎ ይጠይቁ፤ መደብሩ ለማሳያ ከሚያጫውተው የተመረጠ ቪዲዮ ይልቅ እውነቱን የሚነግርዎ እርሱ ነው።

አንቴና መግዛትም አይርሱ። የአሜሪካ ዋና ዋና ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 2009 ሙሉ በሙሉ ወደ ዲጂታል ተሸጋግረዋል፤ በመስኮት አጠገብ በምትለጠፍ ቀላል አንቴና ብዙ የአካባቢ ጣቢያዎችን፣ የልጆች ፕሮግራም የሚያሳየውን ፒቢኤስን ጨምሮ፣ ያለ ወርሃዊ ክፍያ ማየት ይቻላል። በሪሞቱ የእንግሊዝኛ ጽሑፉን ከስር ማውጣት ቋንቋ ለሚማር ሰው በእጅጉ ይረዳል።

በመደብር ውስጥ ቴሌቪዥኖች የሚታዩት ከመጠን በላይ በደመቀ አቀማመጥ ነው። ቤት ሲገቡ «ሆም» የሚለውን ይምረጡ፤ ከዚያ የምስሉን ዓይነት «ሙቪ» ወይም «ፊልምሜከር» ላይ ያድርጉት፤ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውንም ይዝጉት። «ሞሽን ሬት 120» ተብሎ የተጻፈ ቁጥር ስክሪኑ 120 ኸርዝ ነው፣ ማለትም ምስሉን በሴኮንድ 120 ጊዜ ያድሳል ማለት እንዳልሆነም ይወቁ፤ የስክሪኑን እውነተኛ ቁጥር ጠይቀው ያረጋግጡ።

ዋጋው ላይ የሽያጭ ግብር ሲጨመር ሒሳቡ እንደየግዛቱ ይለያያል፤ ሜሪላንድ 6 በመቶ ትጨምራለች፣ ደላዌር የሽያጭ ግብር የላትም። ከፍተኛ ቅናሽ የሚገኘው ከታንክስጊቪንግ (የምስጋና በዓል) ማግስት ባለው ብላክ ፍራይደይና ከሱፐር ቦውል (የአሜሪካ ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታ) በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። ከሁሉም በላይ የማስጠነቅቀው ክሬዲት (የብድር አከፋፈል ታሪክ) ገና ያልሠሩ ወገኖችን የሚጠብቀውን «እየተከራዩ ይግዙ» የሚለውን ውል ነው፤ ሳምንታዊ ክፍያው ትንሽ ይመስላል፣ መጨረሻ ላይ ሲደመር ግን የዕቃውን ዋጋ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሁለትና ሦስት ወር ቆጥቦ አነስ ያለውን በጥሬ ገንዘብ መግዛት ይሻላል። ለአገር ቤት የሚላክ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው የተጻፈውን ቮልቴጅ ያንብቡ፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ኢትዮጵያ ላይ በቀጥታ ሊሰካ አይችልም፤ የአሜሪካው ቲዩነርም (የአንቴና ሥርጭት መቀበያው) የአገር ቤትን የምድር ሥርጭት አይቀበልም።

ግድግዳ ላይ ከመስቀልዎ በፊት የኪራይ ውልዎን ያንብቡ፤ ግድግዳ መብሳት የሚከለክል ወይም ለቤቱ መያዣ ካስያዙት ገንዘብ (ከዲፖዚትዎ) የሚያስቀንስ አንቀጽ ሊኖረው ይችላል። በመጀመሪያው ቀን ማታ ክፍሉን አጨልመው ሙሉ ጥቁር፣ ቀጥሎም ሙሉ ነጭ ምስል ይክፈቱና የሞተ ነጥብ ወይም ያልተስተካከለ ብርሃን መኖሩን ይፈትሹ። ደረሰኙንና ካርቶኑን ከነስፖንጁ የመመለሻው ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ አይጣሉ፤ የመመለሻው ጊዜ ከመደብር መደብር ስለሚለያይ ሲከፍሉ ስንት ቀን እንደሆነ ጠይቀው ደረሰኙ ላይ ይጻፉት።