የኦሮሚያን አጠቃላይ ገጽታ እንዴት እንጻፍ?

አዳማ ውስጥ ተማሪም ሆነ የጽሕፈት ቤት ባለሙያ «የክልሉን ፕሮፋይል አዘጋጅ» ሲባል ብዙውን ጊዜ እጁ የሚሄደው ወደ አሮጌው ፋይል ነው። ጽሑፉን ቀድቶ ዓመተ ምሕረቱን ይለውጣል፤ ስሕተቱም አብሮ ይቀዳል። ኦሮሚያ በስፋትም በሕዝብም የአገሪቱ ትልቁ ክልል ነው። ወሰኑ፣ ጎረቤቱና የዞን አወቃቀሩ ሲለዋወጥ ኖሯል። ስለዚህ የየትኛው ዓመትና የየትኛው ወሰን እንደሆነ ያልተጻፈለት ቁጥር ከሌላ ቁጥር ጋር አይደመርም፣ አይካፈልም።

ከወሰኑ ጀምሩ። አሮጌዎቹ ጽሑፎች በደቡብ በኩል «የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል» ይላሉ፤ ያ ክልል አሁን የለም። በቦታው ሲዳማ (2012 ዓ.ም)፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ (2014)፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ (ሁለቱም 2015) ተተክተዋል፤ አራቱም ኦሮሚያን ያዋስናሉ። ከውስጥም በ2015 ምሥራቅ ቦረና ዞንና ሸገር ከተማ ተዋቅረዋል። «ክልሉ ይህን ያህል ዞን አለው» ብላችሁ ስትጽፉ «እስከዚህ ወር ድረስ» የሚለውን አትርሱ። ዋና ከተማውም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ በ1992 ወደ አዳማ ተዛውሮ በ1997 ወደ አዲስ አበባ ስለተመለሰ በመካከል የታተመ ጽሑፍ አዳማን ዋና ከተማ ቢል አልተሳሳተም።

ቀጥሎ ስፋት። ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ወደ 353 ሺህ እና ወደ 284 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር። በ1999 ቆጠራ የተገኘውን 26,993,933 ሕዝብ ለመጀመሪያው ብታካፍሉ በካሬ ኪሎ ሜትር 76 ሰው ይመጣል፣ ለሁለተኛው ብታካፍሉ 95። አንዱ ገጽ ላይ አንዱን፣ ሌላው ገጽ ላይ ሌላውን መጠቀም በጣም የተለመደ ግድፈት ነው። አዲሱን 284 ሺህ ያዙና እስከ መጨረሻው በእሱ ሂዱ።

ብዙ ሰው የሚወድቀው የሕዝብ ዕድገቱ ስሌት ላይ ነው። የ1976ቱ ቆጠራ የተሰላው በክፍለ ሀገር ነው፤ የዛሬው ኦሮሚያ በሸዋ፣ በአርሲ፣ በባሌ፣ በሐረርጌ፣ በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋና በሲዳሞ ተበትኖ ስለነበር ያንን ቆጠራ ለንጽጽር አትጠቀሙበት። የሚነጻጸሩት ሁለቱ ናቸው፤ የጥቅምት 1987 (18,732,525) እና የግንቦት 1999። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍሉ 1.441 ይወጣል። በመካከላቸው ያለው ጊዜ 12 ዓመት ሳይሆን 12.6 ዓመት ነው፤ ዓመታዊ ዕድገቱም 2.9 በመቶ ይሆናል። ወሩን ዘንግቶ በ12 ያሰላ ሰው 3.1 በመቶ ያገኛል። ይባስ ብሎ የመጀመሪያውን በአውሮፓውያን 1994፣ ሁለተኛውን በእኛ 1999 የጻፈ ደግሞ የአምስት ዓመት ልዩነት አድርጎ ከ7 በመቶ በላይ ያወጣል። እንዲህ ያለ ዕድገት ስታዩ መጀመሪያ የዘመን አቆጣጠሩን ፈትሹ፤ የእኛን ዓመት ወደ አውሮፓውያኑ ስትለውጡ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም የሚጨመረው 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። ከ1999 ወዲህ አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ ስላልተካሄደ በየቦታው የምታዩት አዲስ ቁጥር ትንበያ ነው፤ «ትንበያ» ብላችሁ ጻፉት።

ለመልክዐ ምድሩ ተራራና ወንዝ መደርደር አይበቃም። በተፋሰስ ከፍላችሁ ጻፉ፤ ዴዴሳ፣ ዳቡስና ጉደር ወደ ዓባይ፣ ግቤ ወደ ኦሞ ይሄዳሉ። ዋቤ ሸበሌና ገናሌ ከአርሲና ከባሌ ከፍታዎች ተነሥተው ወደ ሶማሌ ቆላ ይወርዳሉ። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ ደግሞ የስምጥ ሸለቆው ናቸው። ከፍተኛው ቦታ ባሌ ውስጥ ያለው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ 4,377 ሜትር።

ስለ አየር ንብረት «የክልሉ አማካይ ሙቀት ይህን ያህል ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ካለ ሰርዙት፤ ለማንም አይጠቅምም። ከፍታን ተጠቀሙ። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ግድም ይቀንሳል። ከአዳማ በአሰላ መንገድ ብትሄዱ 1,550 ሜትር ግድም ላይ አዋሽ መልካሳን ታልፉና 2,430 ሜትር ግድም ላይ አሰላ ትደርሳላችሁ፤ ልዩነቱ ከ5 ዲግሪ ይበልጣል። ከወይና ደጋው ጠርዝ ተነሥቶ የአርሲን ስንዴና ገብስ እስከሚያበቅለው ደጋ ያለው ለውጥ እዚህች አጭር መንገድ ላይ ስለሚታይ ይህን መስመር የጎን ቁርጥ ሥዕል (የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ከጎን የሚያሳይ) አድርጋችሁ ብታስገቡት ከሁለት ገጽ ሐተታ ይሻላል። ዝናቡም ወጥ አይደለም፤ ወለጋና ኢሉባቦር ረጅም አንድ ወቅት ሲኖራቸው ቦረና በፀደይና በመኸር ሁለት ጊዜ ይዘንብለታል፣ ክረምቱ ለእሱ ደረቅ ነው። የክረምትን ዝናብ ለመላው ክልል የሚሰጥ ጽሑፍ የቦረናን አርብቶ አደር የግጦሽ ወቅት ገልብጦ ያቀርባል።

በመጨረሻ የዞኖቹን ሕዝብ ደምሩና ከክልሉ ጠቅላላ ጋር አስተያዩ። በ1999 ቆጠራ አዳማ (220,212) እና ጅማ ከተማ ከዞኖቻቸው ተነጥለው ልዩ ዞን ሆነው ነው የተመዘገቡት፤ ድምሩ ካነሰ መጀመሪያ የሚፈለገው የእነሱ መዘለል ነው።