ከፎምቦርድ ሞዴል ጄት ሠርቶ ማብረር

ከፎምቦርድ የሚሠራ ሞዴል ጄት በአየር ላይ የሚያሳየው ጠባይ በአብዛኛው የሚወሰነው ገና በሥራ ጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው። ሞተሩ ጠንካራ፣ ሪሞቱም ውድ ቢሆን እንኳ ክንፉ የተጠማዘዘ ወይም የስበት ማዕከሉ ወደ ኋላ የሸሸ ጄት ከእጅ እንደወጣ መሬት ይመታል፤ ቀላል፣ ቀጥ ያለና በትክክል የተመዘነ ጄት ግን የአብራሪውን ስሕተት ይታገሣል። ስለዚህ ከቀለምና ከመልክ ይልቅ በክብደት፣ በክንፍ ቀጥተኝነትና በሚዛን ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንቆያለን። በሪሞት ምንም አብርቶ የማያውቅ ሰው በመጀመሪያ ዝግ ብሎ በሚበር የመለማመጃ ሞዴል ወይም በኮምፒውተር ሲሙሌተር እንዲለማመድ እመክራለሁ፤ ጄት ፈጣን ከመሆኑም በላይ፣ ከርቀት ሲታይ ፊቱና ጀርባው በቀላሉ ይምታታል።

እዚህ የምንሠራው የዴልታ ክንፍ፣ ማለትም ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ክንፍ ያለው፣ ፕሮፔለሩ በኋለኛው አካል ላይ በተቆረጠ ክፍተት ውስጥ እየተሽከረከረ ወደፊት የሚገፋው ጄት ነው። በቱቦ ውስጥ የሚሽከረከር ማራገቢያ የእውነተኛውን ጄት ድምፅና መልክ ያመጣል፤ ሆኖም በዝቅተኛ ፍጥነት ግፊቱ ደካማ ነው፣ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ከባድ ባትሪም ይፈልጋል። እነዚህ ጉድለቶች ይበልጥ የሚጎዱት ደግሞ ጄቱ ከእጅ በሚወረወርበት፣ ግፊት ከሁሉ በላይ በሚያስፈልግበት ቅጽበት ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ፕሮፔለሩ ያለ ጥርጥር ይሻላል።

እንደ ምሳሌ የምንወስደው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 66 ሳንቲሜትር፣ ከፊት ወደ ኋላ ሲለካ ደግሞ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ሥሩ 50 ሳንቲሜትር፣ ጫፉ ላይ 10 ሳንቲሜትር ነው፤ የኋላ ጠርዙ ቀጥ ያለ ሲሆን የፊት ጠርዙ ወደ ኋላ ይጠርጋል። ስፋቱ ወደ 20 ካሬ ዴሲሜትር ይሆናል። ጠቅላላ ክብደቱን ባትሪውን ጨምሮ በ650 ግራም ውስጥ ማቆየት ከተቻለ እያንዳንዱ ካሬ ዴሲሜትር 33 ግራም ገደማ ይሸከማል፤ ይህም ጄቱ በእጅ ሊወረወርና በሣር ላይ በዝግታ ሊያርፍ የሚችልበት መጠን ነው።

ለዚህ መጠን 2212 የሚባለው ብሩሽ አልባ ሞተር በ2200 ኬቪ፣ 6 ኢንች ስፋትና 4 ኢንች ፒች (በአንድ ዙር በንድፈ ሐሳብ ወደፊት የሚጓዘው ርቀት) ያለው ፕሮፔለር፣ 40 አምፔር የሚችል የፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ባለ 3 ሴል 2200 ሚሊአምፔር ሰዓት የሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ፣ መሪውን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ባለ 9 ግራም ትናንሽ ሞተሮች (ሰርቮዎች)፣ እንዲሁም የኤሌቨኖችን፣ ማለትም የክንፉን ሁለት የኋላ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች፣ ትእዛዝ ማቀላቀል የሚችል ቢያንስ ባለ 4 ቻናል ሪሞት ከነሪሲቨሩ (ከምልክት ተቀባዩ) ይበቃሉ። ኬቪ ሞተሩ ያለ ጭነት በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚገልጽ ቁጥር ነው፤ 2200 በባትሪው 11.1 ቮልት ሲባዛ በደቂቃ ወደ 24,400 ዙር ይሰጣል። ፕሮፔለሩ ሲገጠም ዙሩ ወደ ሦስት አራተኛው ይወርዳል ብለን ብናስብ 18,300 ይሆናል። በየዙሩ በንድፈ ሐሳብ 10.16 ሳንቲሜትር ስለሚጓዝ ፍጥነቱ በሰዓት 110 ኪሎሜትር ግድም ይደርሳል፤ የአየር ግጭት ስለሚይዘው ግን ጄቱ ከዚህ ባነሰ ፍጥነት ይበርራል። በዚሁ ሞተር ላይ የሚተልቅ ፕሮፔለር መግጠም ፍጥነትን ሳይሆን ሙቀትን ይጨምራል፤ ሞተሩንም ሆነ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ሊያቃጥል ይችላል።

ወደ ቆረጣው እንለፍ። ፎምቦርድ በሁለት ወረቀቶች መካከል የተጣበቀ የፖሊስታይሪን ፎም ሲሆን ለሞዴል ሥራ የሚመቸው 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ነው። ክብደቱ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ ከመግዛትዎ በፊት ቦርዶቹን በእጅ እያነሡ ያወዳድሩ፤ ቀላሉን ይምረጡ። ንድፉን አትመው ካያያዙ በኋላ በወረቀቱ ላይ ያለውን የመለኪያ መስመር በማስመሪያ ያረጋግጡ፤ አታሚው ንድፉን በጥቂት ፐርሰንት አሳንሶት ሊሆን ይችላልና። በአዲስ ምላጭ መጀመሪያ የላይኛውን ወረቀት ብቻ፣ ቀጥሎ ፎሙን፣ በመጨረሻም የታችኛውን ወረቀት ይቁረጡ። በአንድ ጊዜ በኃይል መቁረጥ ፎሙን ይፈረፍረዋል፤ የደነዘዘ ምላጭም እንዲሁ። ግራና ቀኝ ክንፎችን ከአንድ ንድፍ ይቁረጡና ደርበው በማየት ልዩነታቸውን ያርሙ።

ጠፍጣፋ ቦርድ ብቻውን ቢበርም፣ የክንፉን የፊተኛ ግማሽ በላይ በኩል በሁለተኛ ንጣፍ መደረብ ክንፉን ያጠነክረዋል፣ በዝግታ ሲበርም ጠባዩን ያረጋጋዋል። ይህ መሃሉ ላይ እንደ ደረጃ የሚወርድ የክንፍ ቅርጽ፣ በ1972 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ከተሰጣቸው ከሪቻርድ ክላይንና ከፍሎይድ ፎግልማን ሐሳብ የመነጨ ነው። በሁለቱ ንጣፎች መካከል ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው የሚያልፍ 3 ሚሊሜትር የካርበን ፋይበር ዘንግ፣ በፎሙ ውስጥ በተቆረጠለት ቦይ ያስቀምጡ። ፎምን የሚያቀልጡ ሙጫዎችና የሚረጩ ቀለሞች ስላሉ ማንኛውንም አዲስ ነገር አስቀድመው በቁራጭ ላይ ይሞክሩ። ትኩስ ሙጫ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ይከብዳል፤ በተለይ ከስበት ማዕከሉ ኋላ በቁጠባ ይጠቀሙበት።

ሙጫው እስኪደርቅ ክንፉ በፍጹም ጠፍጣፋ በሆነ ገጽ ላይ ክብደት ተጭኖበት መቆየት አለበት። ከዚያም ከኋላ ዝቅ ብለው፣ በዐይንዎ ቁመት፣ ሁለቱን የኋላ ጠርዞች ያስተያዩ። ጥቂት ሚሊሜትር ጥምዝ እንኳ ጄቱን ወደ አንድ ወገን ያጋድለዋል። ይህን በሪሞት ትሪም፣ ማለትም የመሪውን መሃል በጥቂቱ በሚያዛውረው ማስተካከያ፣ ማረም ይቻል ይመስላል፤ ነገር ግን ጄቱ ለማረፍ ሲዘገይ አንዱ ክንፍ ከሌላው ቀድሞ የማንሣት ኃይሉን ያጣና ጄቱ በድንገት ይገለበጣል። ጥምዙን በእጅ ቀስ ብለው አቃንተው በሙጫና በቴፕ ያጽኑት፤ ካልቃና ክንፉን እንደገና መሥራት ይሻላል።

ኤሌቨን የሚባሉት ሁለቱ የኋላ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች የከፍታንም የማጋደልንም ሥራ ይሠራሉ። የላይኛውን ወረቀት እንደ ማጠፊያ በመተው ከታች በኩል ብቻ ይቁረጡ፤ ኤሌቨኑ ወደ ታች እንዲታጠፍም የተቆረጠውን ጠርዝ በ45 ዲግሪ ይላጩት። ማጠፊያውን በላይ በኩል በቴፕ ያጠንክሩ። የሰርቮውን ክንድ ከመግጠምዎ በፊት ሪሞቱን አብርተው ሰርቮውን መሃል ላይ ያቁሙት፤ ከዚያ ከክንዱ እስከ ኤሌቨኑ ቀንድ (ኤሌቨኑ ላይ እስከሚጣበቀው ትንሽ ማያያዣ) ድረስ የማይታጠፍ አጭር ሽቦ ያገናኙ። ለሞተሩ በ3 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ማቀፊያ ያበጁለት፤ በፕሮፔለሩ ጫፍና በፎሙ መካከልም በሁሉም በኩል ቢያንስ 1 ሳንቲሜትር ይተዉ። ጽሑፍ ያለበት የፕሮፔለሩ ገጽ ሁልጊዜ ወደ በረራው አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ አፍንጫው ይዞራል። ሞተሩ በተቃራኒ ከዞረ ከሦስቱ ሽቦዎቹ ሁለቱን ማለዋወጥ ይበቃል። የሪሲቨሩን አንቴና ከካርበን ዘንጉና ከባትሪው ሽቦዎች ያርቁ፤ ካርበን የሬዲዮ ሞገድን ይከልላል።

የዚህ ሥራ ልቡ የስበት ማዕከሉ ነው። በዴልታ ክንፍ ላይ ቦታው በግምት አይገኝም፤ አማካይ የክንፍ ርዝመትን፣ ማለትም ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ የሚለካውን፣ ማወቅ ያስፈልጋል። በንድፉ ላይ የክንፉን ሥር መስመር በጫፉ ርዝመት ልክ፣ በእኛ ምሳሌ 10 ሳንቲሜትር፣ ወደ ኋላ ያራዝሙ፤ የጫፉን መስመር ደግሞ በሥሩ ርዝመት ልክ 50 ሳንቲሜትር ወደ ፊት ያራዝሙ፤ ሁለቱን ነጥቦች በቀጥታ መስመር ያገናኙ። ይህ መስመር የሥሩንና የጫፉን መካከለኛ ነጥቦች ከሚያገናኘው መስመር ጋር በሚቋረጥበት ቦታ ያለው የክንፍ ርዝመት አማካዩ ነው። በምሳሌያችን 34.4 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ መነሻውም ከሥሩ የፊት ጠርዝ 15.6 ሳንቲሜትር ኋላ ነው። ለመጀመሪያ በረራ የአማካዩን 20 በመቶ እንወስዳለን፤ ይህ ወደ 7 ሳንቲሜትር ስለሆነ የስበት ማዕከሉ ከሥሩ የፊት ጠርዝ 22.5 ሳንቲሜትር ላይ ይውላል። ጄቱ ሰፊና ረጅም አፍንጫ ካለው፣ አፍንጫው ራሱ ስለሚያነሣ፣ ሚዛኑን ሌላ 1 ሳንቲሜትር ወደ ፊት ያምጡ።

ቦታውን ከክንፉ በታች በሁለቱም ወገን ምልክት አድርገው፣ ባትሪው ገብቶ ሁሉም ነገር በተሟላበት ሁኔታ ጄቱን በሁለት የጣት ጫፎች ያንሡት። አግድም ሆኖ መቆም ወይም አፍንጫው በጥቂቱ ወደ ታች ማዘንበል አለበት። 180 ግራም የሚመዝነውን ባትሪ በ1 ሳንቲሜትር ማንቀሳቀስ 650 ግራም የሚመዝነውን ጄት የስበት ማዕከል 2.8 ሚሊሜትር ያህል ያንቀሳቅሰዋል፤ ስለዚህ ለማመዛዘኛ የእርሳስ ብረት ከመጨመር በፊት ባትሪውን ማንሸራተት ይቅደም። አፍንጫው የከበደ ጄት ከንፎ ይበርራል፣ መሪውም ይደክማል፣ ይሁንና በአብራሪው ቁጥጥር ሥር ይቆያል። ጅራቱ የከበደ ግን አፍንጫውን በራሱ እያነሣ ከቁጥጥር ይወጣል።

ፕሮፔለሩ ሳይገጠም ከጄቱ ኋላ ቆመው መሪውን ይፈትሹ። ስቲኩን ወደ ራስዎ ሲስቡ ሁለቱም ኤሌቨኖች ወደ ላይ መነሣት አለባቸው፤ ወደ ቀኝ ሲገፉ የቀኙ ይነሣል፣ የግራው ይወርዳል። ይህን ፍተሻ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ያድርጉ። እንቅስቃሴው በኋላ ጠርዝ ላይ ሲለካ ለከፍታ 12፣ ለማጋደል 15 ሚሊሜትር ይሁን፤ ስቲኩ መሃል አካባቢ እንዳይቸኩል ኤክስፖ በሚባለው የሪሞት ማስተካከያ 30 በመቶ ይጨምሩ። በዕረፍት ላይ ደግሞ ሁለቱም ኤሌቨኖች ከክንፉ 2 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ይበሉ፤ ጅራት የሌለው ክንፍ አግድም የሚበረው በዚህ መንገድ ነው። የሪሞቱ ግንኙነት ቢቋረጥ ሞተሩ ራሱ እንዲጠፋም ያስተካክሉ።

ባትሪውን በሊፖ ባላንስ ቻርጀር በ2.2 አምፔር ይሙሉ፤ እያንዳንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት አይለፍ፣ በበረራም ከ3.5 በታች እንዲወርድ አይፍቀዱ። ያበጠ ባትሪ በምንም ምክንያት አይሞላም። በአማካይ 15 አምፔር የሚስብ ጄት የባትሪውን 80 በመቶ በ7 ደቂቃ ስለሚጨርስ የመጀመሪያውን ሰዓት መቁጠሪያ በ5 ደቂቃ ይገድቡ።

ለመጀመሪያው በረራ ነፋስ የሌለበት ወይም ቀላል ነፋስ ያለበት ቀን፣ ሰውና መንገድ የሌለበት ሰፊ የሣር ሜዳ ይምረጡ፤ የአገሩን የአየር ሕግም አስቀድመው ይወቁ። በብዙ አገሮች የከፍታው ገደብ 120 ሜትር ነው። የሚወረውር ረዳት ይኑርዎት፤ ሁለቱም እጆችዎ በስቲኮቹ ላይ መሆን አለባቸውና። ረዳቱ ጄቱን ከፕሮፔለሩ በጣም ፊት፣ ከሆዱ በታች ይያዝ፤ እርስዎ ሦስት አራተኛ ኃይል ሲሰጡ አፍንጫውን 10 ዲግሪ ያህል አንሥቶ፣ ክንፎቹን አግድም አድርጎ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበለ በቀጥታ ይወርውረውና እጁን ወዲያው ወደ ታች ያውርድ። ወደ ሰማይ መወርወር ፍጥነቱን ይገድለዋል።

ጄቱ እንደወጣ ወዲያው አይዙሩ። ፍጥነት እስኪያገኝ በቀጥታ ይሂድ፤ 50 ሜትር ያህል ከወጣ በኋላ ኃይሉን ወደ ግማሽ ቀንሰው በትሪም ያስተካክሉት። እዚያው ከፍታ ላይ ሞተሩን አጥፍተው አፍንጫውን ቀስ ብለው ያንሡና የሚዘገይበትን ጠባይ ይመልከቱ፤ ዴልታ ክንፍ ብዙ ጊዜ በድንገት ከመደፋት ይልቅ አፍንጫው እንደተነሣ ከፍታ እየጣለ ይወርዳል፤ ወደ ጎን መወዛወዝ ሲጀምርም ገደቡ ላይ መድረሱን ይረዳሉ። ለማረፍ ከሩቅ፣ ወደ ነፋሱ፣ በትንሽ ኃይል ይምጡ፤ ግማሽ ሜትር ሲቀረው ሞተሩን አጥፍተው አፍንጫውን በጥቂቱ ያንሡ፤ በሆዱ ሣሩ ላይ ይንሸራተት።

ካረፈ በኋላ ባትሪውን ከማንኛውም ነገር በፊት ያላቅቁና ሞተሩን በጣትዎ ይንኩት፤ ሊይዙት የማይችሉት ያህል ከጋለ ፕሮፔለሩን ወደ 5.5 ኢንች ያሳንሱ። በአግድም በረራ ሁልጊዜ ስቲኩን መሳብ ካስፈለገዎት ባትሪውን በ5 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ያንሸራቱት፤ ቀጥሎም እንደገና ያብሩ። ቤት ሲመለሱ፣ ጄቱ ለቀናት የማይበር ከሆነ፣ እያንዳንዱን ሴል በ3.8 ቮልት ላይ አድርገው ያስቀምጡ።