ገለጻ ሲያዘጋጁ እና ሲያቀርቡ

ላፕቶፑን ከመክፈትዎ በፊት ታዳሚው ምን እንዲወስን እንደሚፈልጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ያስፍሩ። «ስለ ሥልጠና በጀት» ርዕስ ብቻ ነው፤ «የሥልጠናው በጀት በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ይለቀቅ» ግን መልእክት ነው። ይህን መልእክት የማይደግፍ ስላይድ የቱንም ያህል ቢለፉበት ይውጣ።

20 ደቂቃ ከተሰጠዎ ለ16 ደቂቃ ይዘጋጁ። የቀረውን የማይክ ማስተካከያውና በመሃል የሚነሳ ጥያቄ ይበላዋል። ጊዜ ሲያጥር የሚዘለሉትን ስላይዶች አስቀድመው ይለዩ፤ ይህን ያላደረገ አቅራቢ መጨረሻ ላይ ሲጣደፍ ዋናውን ሐሳብ ይውጠዋል። ፖወርፖይንት ላይ የስላይዱን ቁጥር ጽፈው ኢንተር ሲጫኑ በቀጥታ እዚያ ስለሚያደርስዎ የመደምደሚያውን ቁጥር ይያዙ።

ስላይድ ላይ አንቀጽ አይለጥፉ። ታዳሚው እርስዎ ከሚናገሩት ፈጥኖ ያነባል፤ ጨርሶ ሲጠብቅዎ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ይሄዳል። የፊደሉ መጠን ከ24 አይነስ። «ሱ» እና «ሲ» የሚለዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ስለሆነ ከኋላ ወንበር በቀላሉ ይምታታሉ። ሌላው ብዙዎችን የሚያዋርድ ችግር ፎንት ነው፤ የአዳራሹ ኮምፒውተር የግዕዝ ፎንት ከሌለው ጽሑፉ ባዶ ሳጥን ይሆናል፣ የተለየ ፎንት ካለው ደግሞ መስመሩ ይዛባል። ስለዚህ ፋይሉን በፒዲኤፍም ይያዙ። አኒሜሽኑ ይቀራል፣ ፊደሉ ግን አይነካም።

ልምምድ ማለት በልብ ማንበብ አይደለም። ቆመው፣ ድምፅ አውጥተው፣ ሰዓት ይዘው ቢያንስ 3 ጊዜ ያቅርቡት። ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው መሻገሪያው በልብ ሲያነቡት ቀላል ይመስላል፤ በአፍ ሲወጣ ነው የሚያደናቅፈው። ሁሉንም አይሸምድዱ፤ አንድ ቃል ሲጠፋ ተከታዩም አብሮ ይጠፋል። በቃል የሚያዙት መግቢያና መዝጊያው፣ ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናቸው።

መድረክ ላይ ምስጋናውን አሳጥረው ወደ ጉዳዩ ይግቡ። ማይኩን ከአፍዎ አንድ ጋት ያህል ያርቁት፤ ፊትዎን ወደ ስላይዱ ሲያዞሩ ድምፅዎ ይጠፋል። ከባድ ቁጥር ከተናገሩ በኋላ ለ2 ወይም 3 ሰከንድ ዝም ይበሉ። ለተናጋሪው ረጅም ነው፣ ለሰሚው ግን ቁጥሩን የሚያሰላስልበት ጊዜ ነው።

ጥያቄ ሲቀርብ ከመመለስዎ በፊት ይድገሙት፤ የኋላው ረድፍ አልሰማ ይሆናል። የማያውቁት ከሆነ «አጣርቼ እመልሳለሁ» ብለው ቀኑን ይንገሩ። መዝጊያዎን ደግሞ ከጥያቄና መልሱ በኋላ ያድርጉት፤ አለዚያ ታዳሚው ይዞ የሚወጣው የመጨረሻውን ጠያቂ ንግግር ነው።