ሲሞላ እምቢ የሚል በር፦ የመኖ ጎተራ ተንሸራታች በር ችግርና መፍትሄ

መርካቶ ምናለሽ ተራ አካባቢ ለከተማ ዳር ከብት እርባታዎች የመኖ ጎተራ የሚበይድ ሰው ይህን ታሪክ ያውቀዋል። ከጎተራው ታች ያለውን የመኖ መውጫ አፍ የሚከፍትና የሚዘጋው አውቶማቲክ በር ወርክሾፕ ውስጥ ሲሞከር ሽው ይላል። ሱሉልታ ወይም ሰበታ ደርሶ ጎተራው ሲሞላ ግን ንቅንቅ አይልም። ባለቤቱ ይደውላል፣ "ሞተሩ ደካማ ነው" ይባላል፣ ከዚያ ትልቅ ሞተር ይገዛል። ትልቁ ሞተር ደግሞ ላሜራውን ያጎብጠዋል።

ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ብሬከሩን አጥፉ። ሞተሩን ከበሩ ጋር የሚያገናኘውን ፒን ንቀሉና በሩን በእጀታው ሳቡት። ጎተራው ባዶ ሆኖም የሚከብድ ከሆነ ችግሩ ላሜራውና ሐዲዱ ጋ ነው። ሲሞላ ብቻ የሚከብድ ከሆነ ጭነቱ በደንብ አልተሰላም። በእጅ እየቀለለ በሞተር እምቢ ካለ ያኔ ወደ ኤሌክትሪኩ ሂዱ።

ባዶውን ይሠራል፣ ሲሞላ ይቆማል

አፉ 30 በ30 ሴንቲሜትር ነው እንበል። በላዩ 2 ሜትር ቁመት ያለው የተፈጨ መኖ አለ፤ የአንድ ሜትር ኩብ ክብደቱም 500 ኪሎ ግድም ነው። 0.3 × 0.3 × 2 × 500 ስታባዙ 90 ኪሎ ይመጣል። መኖው ከተረጋጋ በኋላ ግድግዳው ከዚህ የተወሰነውን ይሸከማል። በባዶ ጎተራ ላይ መኖ ሲገለበጥ ግን ጭነቱ ይከብዳል፤ ስሌታችሁ ለዚያ ሰዓት ይሁን።

በሩ ሲንሸራተት ከላይ ከመኖው ጋር፣ ከታች ከሐዲዱ ጋር ይፋተጋል። ለሁለቱ ሰበቃ በድምሩ የጭነቱን 0.8 እጥፍ ብትይዙ 72 ኪሎ ጉልበት ያስፈልጋል። ለመጠባበቂያ እጥፍ አድርጉት፤ 144 ኪሎ፣ ማለትም 1400 ኒውተን ግድም ይመጣል። 1500 ኒውተን የሚል ባለ 12 ቮልት አክቹዌተር (በሩን በዘንግ የሚገፋና የሚስብ ሞተር) ይበቃል ማለት ነው።

ሌላ ርካሽ መንገድም አለ። ሰፊ አንግል ብረት እንደ ቤት ክዳን ገልብጣችሁ ከበሩ በላይ፣ ጎተራው ውስጥ በይዱት። ክብደቱን እሱ ይቀበላል፣ መኖው በግራና በቀኝ ይወርዳል። ጎንና ጎኑ ያለው ክፍተት ከጠበበ ግን ሌላ መዘጊያ ሠራችሁ ማለት ነው።

ሊዘጋ ጣት ሲቀረው ይቆማል

እንደኔ በጣም የተለመደው ችግር ይህ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ባለሙያው በሩ "ጥርቅም ብሎ እንዲዘጋ" ብሎ ጫፉ የሚገባበት ድፍን ኪስ ይሠራለታል። በሩ በመጣ ቁጥር ዱቄቱን እየገፋ ኪሱ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል። ሞላሰስ ያለው መኖ ከሆነ ደግሞ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ክረምት ላይ እርጥበት የጠጣ ፍሩሽካም ያው ነው። በሩ ጫፍ ደርሶ ሲነካው ሞተሩን የሚያቆመው ሊሚት ስዊች ስላልተነካ ሞተሩ መግፋቱን ይቀጥላል፣ በመጨረሻ ፊውዝ ይበላል።

መፍትሄው ኪሱን መቁረጥ ነው። የሐዲዱ ጫፍ ክፍት ይሁን፤ የተገፋው መኖ ወደ ታች ይውደቅ። የበሩ ፊት ጠርዝ በፍሌክስ በሰያፍ ይሳል፤ መግፋቱ ቀርቶ ይቆርጣል። ሐዲዱ ላይ ጠንካራ ናይለን አንጥፉ። ግራሶ አትቀቡ፤ ዱቄት ሲነካው ሊጥ ይሆናል። በሩ ራሱ በ2 ሚሊሜትር ላሜራ ከተሠራ መሀሉ ስለሚጎብጥ ጎኑ ይነክሳል፣ መኖም ያንጠባጥባል። ለዚህ አፍ ስፋት 5 ሚሊሜትር ይሻላል።

ሊሚት ስዊቹንም አቧራ ይደፍነዋል። ብረት ሲቀርበው ሳይነካው የሚያውቅ ሴንሰር አቧራ አይረብሸውም።

በሩ ይከፈታል፣ መኖ አይወርድም

መኖው አፉ ላይ ቅስት ሠርቷል። የጎተራው ታች ተዳፋት ከመሬት አግድም 60 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ካልቆመ፣ ለተፈጨ መኖ አይሆንም። አፉን ማስፋትም ይረዳል፤ የጭነት ስሌቱን ግን እንደገና ሥሩ። ነዛሪ ሞተር የምትገጥሙ ከሆነ በሩ ክፍት ሲሆን ብቻ ይሥራ። ተዘግቶ ከነዘረ መኖውን የበለጠ ይጠቀጥቀዋል። ቅስቱን ከውጭ በረጅም እንጨት አፍርሱት እንጂ ማንም ሰው ጎተራው ውስጥ አይግባ። መኖው ሲናድ ሰው ይውጣል፣ ያፍናልም።

በእጅ ይቀልላል፣ በሞተር ግን ያቃስታል

ቮልቱን ባትሪው ጋ ሳይሆን ሞተሩ ጋ፣ እየሠራ ሳለ ለኩ። ባትሪው 20 ሜትር ቢርቅ የመዳብ ሽቦው ደርሶ መልስ 40 ሜትር ነው። በ1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት) ሽቦ 5 አምፔር ሲያልፍ ከ2 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። ለ12 ቮልት ሞተር ይህ ብዙ ነው። በ4 ካሬ ከ1 ቮልት በታች ይወርዳል።

ሞተሩ ሲነሳ መቆጣጠሪያ ቦርዱ ጠፍቶ እንደገና የሚነሳ ከሆነ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ እየበሉ ነው፤ ለቦርዱ የራሱን ፓወር ሰፕላይ ስጡት።

መብራት ሲጠፋ ክፍት ይቀራል

የጠመዝማዛ ዘንግ አክቹዌተር መብራት ሲሄድ ባለበት ይቆማል። ክፍት ከነበረ መኖው ሁሉ መሬት ላይ ነው። ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚዘጋበት ባትሪ ይኑረው፤ መብራት መጥፋቱን የሚያይ ሪሌይም "ዝጋ" ይበለው። በአየር የሚሠራ ሲሊንደር ከሆነ ባለ አንድ ኮይል ቫልቭ ግዙ፤ መብራት ሲሄድ በስፕሪንጉ ወደ "ዝጋ" ይመለሳል፣ ታንከሩ ውስጥ የቀረው አየርም በሩን ይገፋዋል። ባለ ሁለት ኮይሉ መጨረሻ በታዘዘበት ይቀራል። ፒኑ ደግሞ ያለ መፍቻ በእጅ የሚነቀል ይሁን፤ ሌሊት ላሞቹን የሚያበላው ሰው መፍቻ አይዝም።