የኤችዲ ዲስክ ምስል ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

ዲስኩ ኤችዲ ነው ተብሎ ተገዝቶ፣ ቴሌቪዥኑም ኤችዲ ሆኖ ሳለ፣ ጨለማ ትዕይንት በመጣ ቁጥር ምስሉ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች እየተከፋፈለ ሲሰባበር ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቴሌቪዥኑን ነው። ጅማ ውስጥ ቪዲዮ በሚቀናበርባቸው ቤቶች ይህ ቅሬታ የተለመደ ነው፤ አንዱ ውጭ አገር ያለ ዘመዱ የላከለትን የብሉሬይ (ዲቪዲን የተካው የኤችዲ ዲስክ) ፊልም፣ ሌላው የልጁ ሠርግ የተቀረጸበትን ዲስክ ይዞ ይመጣል። የሁለቱም ችግር መነሻ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ቪዲዮው ዲስክ ላይ ከመጻፉ በፊት ሲጨመቅ የተደረገ ምርጫ ነው።

የመጨመቁን ልክ ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ ያስፈልጋል። አንድ የኤችዲ ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው ከተሠራባቸው ቋሚ ምስሎች አንዱ፣ ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሚሄድ፣ በብሉሬይ ደንብ መሠረት የቀለሙ መረጃ ተቀንሶ እንኳ፣ ሳይጨመቅ ቢቀመጥ በሰከንድ ወደ 600 ሜጋቢት፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከ500 ጊጋባይት በላይ ይወስዳል። ባለ አንድ ንብርብር ብሉሬይ የሚይዘው 25 ጊጋባይት፣ ባለ ሁለት ንብርብሩ 50 ጊጋባይት ሲሆን፣ ደንቡ ለቪዲዮ የሚፈቅደው ጣሪያም በሰከንድ 40 ሜጋቢት ነው። ስለዚህ በትክክል የተሠራ የፊልም ዲስክ እንኳ ከዋናው መረጃ ከአሥር እጅ ዘጠኙ በላይ ተቀንሶለት የተጻፈ ነው። ምን እንደሚቀነስና ከየትኛው የምስሉ ክፍል እንደሚቀነስ የሚወስኑት ኢንኮደሩ፣ ማለትም ቪዲዮውን የሚጨምቀው ፕሮግራም፣ እና ኢንኮደሩን ያዘዘው ባለሙያ ናቸው።

ከሁሉ በፊት፦ የመጨመቅ ጉዳት ነው ወይስ የንባብ ስሕተት?

ምስሉ የተበላሸበትን ደቂቃና ሰከንድ ይመዝግቡ፤ ከዚያም ወደ ኋላ መልሰው ያንኑ ቦታ ደግመው ያጫውቱ፤ ቢቻል በሌላ ዴክ ወይም በላፕቶፕ ላይም ይሞክሩት። ብልሽቱ በየትኛውም መሣሪያ በዚያው ሰከንድ፣ በዚያው መልክ ከታየና ድምፁ ግን ምንም ካልሆነ ጉዳቱ በመጨመቅ የመጣ ነው። ከቦታቸው የዘለሉ፣ ግራጫ ወይም አረንጓዴ አራት ማዕዘኖች ከታዩ፣ ምስሉ ቆሞ ከቀረና ድምፁም አብሮ ከተቆራረጠ ግን ዴኩ ዲስኩን ማንበብ አቅቶታል ማለት ነው። የብሉሬይ መረጃ የተጻፈው ከዲስኩ ገጽ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ገባ ብሎ ስለሆነ (በዲቪዲ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው) የጣት አሻራና አቧራ ለንባብ ዕንቅፋት ይሆናሉ፤ እንደ ጅማ ዝናብና እርጥበት በሚበዛበት ከተማ ደግሞ ከሽፋኑ ውጭ የተተወ ዲስክ ቶሎ ይቆሽሻል። ለስላሳና ደረቅ ጨርቅ ይዘው ከመሐል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ይጥረጉት፤ ዙሪያውን እያዞሩ መጥረግ ግን ጭረቱን በመረጃው መስመር ላይ ስለሚያስተኛው ጉዳቱን ያብሰዋል። ከጽዳት በኋላ ችግሩ ከጠፋ ከዚህ በታች ያለውን ማንበብ አያስፈልግዎትም።

ጨለማው ወይም ፈጣኑ ትዕይንት በአራት ማዕዘን ሲከፋፈል

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ስለሆነ በደንብ ማየት ይገባል። ኢንኮደሩ እያንዳንዱን ፍሬም 16 በ16 ፒክስል በሆኑ ሳጥኖች ይከፍላል፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለውን የብርሃን ልዩነትም እንደገና በትንንሽ ክፍሎች አስልቶ፣ ዓይን ብዙም አያየውም ብሎ የገመተውን ይጥላል። በጨለማ ቦታ ያለው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ቢት (ምስሉ የሚጻፍበት የመረጃ መጠን) ሲያጥር መጀመሪያ የሚጣለው የዚያ ቦታ ዝርዝር ነው። ከሳጥኑ ውስጥ ሁሉ ነገር ተጥሎ አንድ ወጥ ግራጫ ብቻ ሲቀር ከጎረቤቱ ሳጥን ጋር የሚዋሰንበት መስመር ይገለጣል፤ እኛም የምናየው ያንን ነው።

እንቅስቃሴ ሲጨመርበት ችግሩ ይባባሳል። ኢንኮደሩ ቢት የሚቆጥበው አብዛኛውን ፍሬም ካለፈው ወይም ከሚመጣው ፍሬም ተነሥቶ በመገመት ነው። በከተማችን የሠርግ አዳራሾች የጭፈራው ሰዓት ሲደርስ ዋናው መብራት ይጠፋና ባለ ቀለም መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። አንድ ፍሬም ቀይ፣ ቀጣዩ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ያለው ጨለማ ሲሆን ካለፈው ተነሥቶ መገመት አይቻልም፤ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ከኋላው ካለው ጥቁር መጋረጃ ጋር ይዋሐዳል፣ ትከሻው ላይም ሳጥኖቹ ሲርመሰመሱ ይታያሉ። ያው ዲስክ የቀኑን ፕሮግራም በጠራ ምስል አሳይቶ ማታውን ብቻ የሚያበላሸው በዚህ ምክንያት ነው።

የኮዴኩ፣ ማለትም የመጨመቂያው ስልት፣ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ብሉሬይ በ2006 ለገበያ ሲቀርብ ከመጀመሪያዎቹ ዲስኮች ብዙዎቹ በኤምፔግ-2 ተጨምቀው ባለ 25 ጊጋባይት ዲስክ ላይ የተጻፉ ነበሩ። ኤምፔግ-2 የሳጥኖቹን ድንበር የሚያለሰልስ ማጣሪያ በውስጡ የለውም። ከእርሱ በኋላ የመጡት ኮዴኮች ኤች.264ና ቪሲ-1 ግን ይህ ማጣሪያ ስላላቸው በዚያው የቢት መጠን የተሻለ ምስል ይሰጣሉ። በዚያው ዘመን ተፎካካሪ የነበረው ኤችዲ ዲቪዲ በሁለት ንብርብር 30 ጊጋባይት ብቻ ይይዝ ነበር፤ ቶሺባ በየካቲት 2008 አካባቢ ሥራውን እስኪያቆም ድረስም በዚህ መጠን ውስጥ ለመግባት ብዙ ፊልም ተጨምቋል። ዘመኖቹ እንደ ፈረንጆቹ አቈጣጠር ናቸው። ስለዚህ አንድን ፊልም ለመግዛት የሚያስብ ሰው፣ የቆየውና በኋላ እንደ አዲስ የተዘጋጀው እትም ሁለቱም ካሉ፣ በዋጋ ካልተራራቁ የኋለኛውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

የተገዛን ዲስክ እንደገና መጨመቅ ስለማይቻል መፍትሔው ያለው ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ከመጠን በላይ ከፍ ያለው ብራይትነስ ይቀነስ፤ ዳይናሚክ ኮንትራስት የሚባለው ይጥፋ። ጥቁሩ ግራጫ መስሎ ከታየ ደግሞ የዴኩና የቴሌቪዥኑ የኤችዲኤምአይ ቅንብር አለመስማማቱን ይጠርጥሩ፤ የቪዲዮ ጥቁር ከ16 ጀምሮ ነጩ 235 ላይ ሲያበቃ፣ ቴሌቪዥኑ ከ0 እስከ 255 ከጠበቀ ጨለማው ሁሉ ይነጣና ተደብቆ የነበረው ሳጥን ይወጣል። ሁለቱንም አንድ ዓይነት ማድረግ በቂ ነው።

ዲስኩን የሚያዘጋጁት ራስዎ ከሆኑ ወደ ካሜራው ዋና ፋይል ይመለሱ፤ በሁለት ዙር የሚጨምቀውን ስልት ይምረጡ። በመጀመሪያው ዙር ኢንኮደሩ የትኛው ትዕይንት ከባድ እንደሆነ ያጠናል፤ በሁለተኛው ለንግግሩ የማያስፈልገውን ቢት ለጭፈራው ያውለዋል። ኤክስ264 የተባለውን የኤች.264 ኢንኮደር የሚጠቀም ሶፍትዌር ካለዎት ኤኪው-ሞድ የሚለውን 3 ላይ ያድርጉት፤ ይህ ቅንብር ለጨለማ ቦታዎች አድልቶ ቢት ይሰጣል። ከፍተኛውን የቢት መጠን ከ40 ሜጋቢት፣ ሌቭል የሚለውንም (ዴኩ ሊሸከመው የሚገባውን የሥራ ጫና የሚወስን ቅንብር) ከ4.1 አያሳልፉ፤ ካለፈ አንዳንድ ዴክ ዲስኩን አይቀበልም ወይም መሐል ላይ ይቆማል።

ሰማዩ ወይም ጉሙ እንደ ደረጃ ሲሸነሸን

በክረምት ማለዳ ጅሬን ላይ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አቅራቢያ ሆኖ ቁልቁል የተቀረጸ ቪዲዮ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከታች የዛፉ ቅጠል በነፋስ ይንቀሳቀሳል፣ ከላይ ጉሙ ቀስ በቀስ ከግራጫ ወደ ነጭ ይሄዳል። ቅጠሉ በየፍሬሙ ስለሚለዋወጥ ያለውን ቢት ሁሉ ይወስዳል፤ ለጉሙ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ብሉሬይ ለእያንዳንዱ ቀለም የሚጠቀመው 8 ቢት በመሆኑ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለው እርከን 220 ብቻ ነው። ምስሉን አቁመው ቢያዩት፣ በዓይን ሲታይ ወጥ የነበረው ጉም በአራትና በአምስት ሰፋፊ መስመሮች ተቆርጦ፣ ድንበሮቹም እንደ ካርታ ሆነው ይታያሉ።

መፍትሔው ቢት መጨመር ብቻ አይደለም። ከመጨመቁ በፊት በጣም ስስ የሆነ ኖይዝ ወይም ግሬይን (እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚታይ ነጠብጣብ) ጉሙ ላይ ቢጨመር የእርከኖቹ ድንበር ይበተንና ዓይን አያገኘውም፤ ኖይዙን ይዞ የሚዘልቅ በቂ ቢት ግን ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ኢንኮደሩ ራሱ ጠርጎ ይጥለዋል። ከዲስክ ይልቅ በፋይል ለሚያስረክብ፣ ተቀባዩም የሚያጫውትበት መሣሪያ ካለው፣ ከኤች.264 በኋላ የመጣው ኮዴክ ኤችኢቪሲ በ10 ቢት ሲሆን ከጥቁር እስከ ነጭ 877 እርከን ስለሚሰጥ በእጅጉ የተሻለ ነው። በ2016 የመጣው ባለ 4ኬ ብሉሬይም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው።

ፊት እንደ ሰም ሲለሰልስ

በፊልም ጥሬ ዕቃ ላይ የተቀረጸ ሥራ ግሬይን አለው። ግሬይን ቅጥ ስለሌለውና ካለፈው ፍሬም ተነሥቶ ስለማይገመት ብዙ ቢት ይበላል፤ አዘጋጆች ወጪውን ለማስቀረት አንዳንድ ጊዜ ከመጨመቁ በፊት በማጣሪያ ይጠርጉታል። አብሮት የቆዳው ቀዳዳ፣ የጨርቁ ድርና ማግ፣ የጸጉሩ ዘለላ ይሄዳል። ይህን ጠርጎ ንጹሕ ምስል ብሎ መሸጥ ትልቅ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ፊልሙን የቀረጸው ሰው ያስቀመጠውን ነገር ከተመልካቹ መውሰድ ነውና። በዲስክ ላይ ከሆነ አይመለስም። ቢሆንም ሁልጊዜ ዲስኩ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ቴሌቪዥን ከፋብሪካ ሲወጣ ኖይዝ ሪዳክሽን ተከፍቶ ስለሚመጣ መጀመሪያ ያንን ያጥፉ። የጎደለውን ለማካካስ ሻርፕነስ መጨመር ግን በሰዎች ዙሪያ ነጭ መስመር ከማውጣት በቀር የሚመልሰው ዝርዝር የለም። በራስዎ ሥራ ከሆነ በኤክስ264 ውስጥ ለግሬይን የተዘጋጀውን ቅንብር ይምረጡ፤ ፋይሉ እንደሚተልቅ አስቀድመው ያስቡበት።

በፊደሎች ዙሪያ ጭጋግ የመሰለ ነገር ሲርገበገብ

የአማርኛ ወይም የኦሮምኛ ትርጉም በምስሉ ላይ ተቀርጾ ሲጨመቅ፣ የፊደሉ ስል ጠርዝ በሳጥኑ ውስጥ ንዝረት ይተዋል፤ በነጩ ፊደል ዙሪያ ነጠብጣብ ሲንቀሳቀስ የሚታየው ለዚህ ነው። ጽሑፉን ከምስሉ ጋር አለማጣበቅ ይሻላል። በብሉሬይ ላይ የትርጉም ጽሑፍ ራሱን ችሎ፣ በሥዕል መልክ፣ ከቪዲዮው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ሥዕል ስለሆነም ዴኩ የግዕዝ ፊደል ባይኖረውም ጽሑፉ በትክክል ይወጣል። ከፍላሽ የሚነበብ የጽሑፍ ፋይል ግን በዴኩ ውስጥ ባለው ፊደል ላይ ስለሚመካ ብዙ ጊዜ በአማርኛው ፋንታ ባዶ ሳጥን ያሳያል።

እጅ ሲወዛወዝ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ሲሆን

የዚህ ምክንያት የፍሬም አቈጣጠር እንጂ የቢት ማነስ አይደለም። እዚህ አገር ካሜራው ከ50 ኸርትዝ መብራት ጋር እንዲስማማ በሰከንድ 25 ወይም 50 ፍሬም ይቀርጻል። ብሉሬይ በ1080 ላይ ሙሉ ፍሬም የሚቀበለው በ24 ሲሆን፣ በ25 ግን ፍሬሙ አንድ መስመር እየተዘለለ በሁለት ተከፍሎ ይጻፋል፤ 50 ሙሉ ፍሬም የሚቀበለው በ720 ነው። የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ እንቅስቃሴው ወደፊትና ወደ ኋላ ይንገዳገዳል። ኤችዲ ከሆነ የላይኛው መስመር እንዲቀድም ያድርጉ፤ በ50 የተቀረጸ ጭፈራ ከሆነ ደግሞ 720 ላይ ቢጻፍ ያለ ማበጠሪያ ይሄዳል።

ምስሉ በየሰከንዱ ሲተነፍስ

ግድግዳው ወይም ሣሩ በየሰከንዱ ጥርት ብሎ ተመልሶ የሚደበዝዝ ከሆነ፣ ራሱን የቻለው ሙሉ ፍሬም በብሉሬይ ደንብ በየሰከንዱ ስለሚመጣና ከመካከል ያሉት ፍሬሞች ቢት ስላነሳቸው ነው። አማካይ የቢት መጠኑን ከፍ ማድረግ ያስታግሠዋል።

1080 ተብሎ የተጻፈው ከድሮው ዲቪዲ ሲያንስ

ይህ ከመጠን በላይ ተጨምቆ የተቀዳ ቅጂ ችግር ነው። ባለ ሁለት ሰዓት ፊልም በ1.5 ጊጋባይት ፋይል ከተጨመቀ ድምፁን ጨምሮ የሚደርሰው በሰከንድ 1.7 ሜጋቢት እንኳ አይሞላም፤ 2 ሚሊዮን ፒክስል በዚህ ሊያዝ አይችልም። የፒክስሉ ቁጥር ስለ ምስሉ ስፋት እንጂ ስለ ይዘቱ አይናገርም፤ ቢት ካጠረ 720 ላይ የተጨመቀው ከ1080ው ይሻላል። ያ ፋይል እንደገና ተጨምቆ ዲስክ ላይ ሲጻፍ ደግሞ ኢንኮደሩ የፊተኛውን ሳጥን ድንበር እንደ እውነተኛ ዝርዝር ቆጥሮ ቢቱን ለእርሱ ያውላል፤ ጉዳት በጉዳት ላይ ይደረባል።

ስለዚህ የሠርግ ዲስክ አምጥቶ ቅጂ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲኖር፣ ዲስኩን ወደ ፋይል ቀይሮ እንደገና ኤክስፖርት ከማድረግ ይልቅ ይዘቱን እንዳለ ወደ ሌላ ባዶ ዲስክ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ሲሆን አንድም ቢት አይጠፋም። ማስተካከያ የሚፈልግ ከሆነ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የካሜራው ዋና ፋይል በቀረጸው ሰው ሃርድ ዲስክ ላይ አለ ወይ የሚለው ነው። ዋናው ፋይል ከሌለ የሚፈለገውን ክፍል ብቻ ቆርጦ፣ ከዲስኩ የቢት መጠን ከፍ ባለ መጠን መጨመቅና ሌላውን ሳይነኩ መተው ይሻላል።