የብራንድ ዕቃ ፎቶ ሲሸጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ካሜራ ለያዘ ሰው የብራንድ ዕቃ አይጠፋም፤ ዳሽንም ሐበሻም ቢራቸውን እዚሁ ይጠምቃሉ። ጠርሙሱን ማንሳት ማንንም አያስከስስም። ጣጣው የሚመጣው ፎቶው ሲሸጥ ነው።

«ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ የእኔ ነው» ማለት። ፎቶው አዎ፤ ጠርሙሱ ላይ ያለው ስምና አርማ ግን የፋብሪካው ንግድ ምልክት ነው። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 በዋናነት የሚከለክለው ሸማቹን የሚያሳስት አጠቃቀምን ነው። ስለዚህ ያንኑ ፎቶ ለዜና መሸጥና ለሌላ ድርጅት ማስታወቂያ መሸጥ አንድ አይደለም።

«ሎጎውን በፎቶሾፕ ካጠፋሁ አለቀ» ማለት። የኮካ ኮላ ጠርሙስ ቅርጹ ራሱ የተመዘገበ ምልክት ነው። የፎቶ መሸጫ ድረ ገጾችም ለማስታወቂያ በሚሸጡት ክፍል ዕቃው ከቅርጹ ከታወቀ ይመልሱታል። ለዜና በሚሸጡበት፣ ኢዲቶሪያል በሚባለው ክፍል ግን አርማው እንዳለ ይቀርባል። እዚያ ደግሞ መነካካቱ ነው ጥፋቱ።

የታዘዙትን ፎቶ ደግሞ መሸጥ። እንደ እኔ ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ባለሱቁ ጫማውን እንዲያነሱለት ከፈለ፤ እርስዎ ደግሞ ፎቶው ስላማረ ኢንተርኔት ላይ ለገበያ አወጡት። በቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በትእዛዝ የተሠራው ሥራ የአዛዡ ነው። «ለራሴም እጠቀምበታለሁ» የሚል አንድ መስመር ውሉ ላይ ቢገባ ነገሩ ያልቃል። በቃል የተባባሉት ግን ጠብ ሲመጣ አያወጣም።

ስምና አድራሻ አለመጻፍ። ብዙዎቻችን «እከሌ ፎቶ» ብለን እናልፋለን። ያው የቅጅ መብት አዋጅ ፎቶግራፍ የሚጠበቀው የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ ሲይዝ ነው ይላል። ጥበቃውም ፎቶው ከተነሳ ጀምሮ 25 ዓመት ነው።

«ምልክቱ የድሮ ነው» ብሎ መናቅ። ምዝገባው በየ7 ዓመቱ ይታደሳል፤ ዕድሜ አይገድለውም።

ከዚህ ሁሉ መራቅ የሚፈልግ የመንዝ በርኖስ ያንሳ፤ አርማ የለበትም። የለባሹ ፊት ከታየ ግን የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለፈቃዱ መሸጥን ስለሚከለክል ፈቃዱን በጽሑፍ ይቀበሉ።